ስካናቸው የከፋ፣ ትውስታቸው ያልጠፋ፦ ከኮሎምቢያ የመጡት እናት ጉዳይ

በ2016 አንዲት የ73 ዓመት እናት ከኮሎምቢያ ተነስተው ቦስተን ገቡ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የመጡት ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የአንጎል ስካን ለመነሳት ነው። ሐኪሞቹ ዘራቸውን ያውቁታል። በቤተሰባቸው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ አንድ የጂን ለውጥ አለ። ያ ለውጥ ያለበት ሰው በ44 ዓመቱ ገደማ መርሳት ይጀምራል። በ49 ዓመቱ ገደማ ራሱን ችሎ መኖር ያቅተዋል። ብዙዎቹ በ60 ዓመታቸው አካባቢ ያልፋሉ።

እኚህ እናትም ለውጡ አለባቸው። በምርመራ ተረጋግጧል። ግን ሰባን ተሻግረዋል። ችግራቸው የቅርብ ጊዜ ነገር መርሳት ብቻ ነው። እሱም የጀመራቸው ዘመዶቻቸውን ከያዘበት ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው።

ይህን የሰማ ሰው የሚገምተው ንጹሕ አንጎል ነው። ስካኑ ያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። የአልዛይመር መለያ የሆነው አሚሎይድ የሚባለው ፕሮቲን አንጎላቸውን ሞልቶታል። በ40ዎቹ ዕድሜያቸው ከታመሙት ዘመዶቻቸው እንኳ በልጦ ተገኘ።

ይህን ጉዳይ ልጽፍበት የፈለግኩት በአንድ ምክንያት ነው። የአንጎል ስካን በሽታውን ምልክት ሳይታይ ከብዙ ዓመት በፊት ማየት ይችላል። ይህ እውነት ነው፣ ትልቅ ነገርም ነው። ግን ስካን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። አሚሎይድ አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አለ ወይም የለም ይላል። ሰውየው ከአምስት ዓመት በኋላ የልጁን ስም ያውቃል ወይ ለሚለው ግን ሌላ ጥያቄ፣ ሌላ ዓይነት ስካንም ያስፈልጋል። የእኚህን እናት ያህል ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳየ ሰው አላውቅም።

ዘሩ የተገኘው እንዴት ነው?

ታሪኩ የሚጀምረው ከቦስተን አይደለም። የሚጀምረው አንቲዮኪያ በሚባለው የኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር፣ ሜዴሊን ከተማና በሰሜኗ ባሉት ተራራማ መንደሮች ነው። ፍራንሲስኮ ሎፔራ እዚያው ተወልደው ያሩማል በምትባል የተራራ ከተማ ያደጉ ሐኪም ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአንቲዮኪያ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ሲማሩ አንድ የ47 ዓመት ሰው መጣላቸው። ሰውየው ጃጅቷል። በዚያ ዕድሜ! ሎፔራ ቤተሰቡን ሲጠይቁ ነገሩ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ተረዱ። ከእሱ በፊት በዘሩ በዚያው ዕድሜ የታመሙ ነበሩ።

ሎፔራ ይህን ሰምተው ዝም አላሉም። ከባልደረቦቻቸው ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ከማን ተወለደ፣ ማን መቼ መርሳት ጀመረ፣ መቼ ሞተ እያሉ መዘገቡ። ጊዜው አንቲዮኪያ በዕፅ ነጋዴዎች፣ በሽምቅ ተዋጊዎችና በታጣቂዎች የምትታመስበት ነበር። መንደሮቹ መሄድ ራሱ አደጋ ነበረው። አንዱን ቤተሰብ ከሌላው ጋር ሲያገናኙት የዘር ግንዱ ወደ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኋላ ሄደ። መንደርተኛው ሕመሙን ላ ቦቤራ ይለዋል። እርግማን ነው የሚሉም ነበሩ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያኔ ሃርቫርድ የነበሩት አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬኔት ኮሲክ ከሎፔራ ጋር ተገናኙ። ብዙም ሳይቆይ ምክንያቱ ታወቀ። 14ኛው ክሮሞዞም ላይ ፕሬሰኒሊን 1 የሚባል ጂን አለ። በዚህ ዘር ውስጥ በፕሮቲኑ 280ኛ ቦታ ላይ አንድ ፊደል ተቀይሯል። ኢ280ኤ ይሉታል። ለውጡ ከአባት ወይም ከእናት ከአንዱ ብቻ ከመጣ ይበቃል። ስለዚህ አንድ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በዘሩ 6,000 ገደማ ሰው ተመዝግቧል። ከነዚህ 1,200 የሚሆኑት ለውጡን ተሸክመዋል። በአንድ የጂን ለውጥ ገና በጉልምስና የአልዛይመር በሽታ የሚይዘው ሰው በዓለም ላይ ይህን ያህል በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይታወቅም።

ፕሬሰኒሊን የሚሠራው አንድን ትልቅ ፕሮቲን የሚቆራርጥ መቀስ አካል ሆኖ ነው። ለውጡ ሲኖር መቀሱ ቦታውን ይስታል። ረዘም ያለ፣ የሚጣበቅ አሚሎይድ ይበዛል። እሱ ከነርቭ ሴሎች ውጪ እየተጠራቀመ ይጋግራል። ከሴሎቹ ውስጥ ደግሞ ታው የሚባል ሌላ ፕሮቲን አለ። በጤናው ጊዜ የሴሉን ውስጣዊ መዋቅር ደግፎ ይይዛል። ሲበላሽ ይጠላለፍና ሴሉን ይገድላል። የአልዛይመር በሽታ የሚባለው የሁለቱ አብሮ መኖር ነው። አሎይስ አልዛይመር ራሱ በ1906 ሁለቱንም ያየው ከሞተች በሽተኛ አንጎል ላይ፣ በማይክሮስኮፕ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የሰውን አልዛይመር በእርግጠኝነት ማወቅ የሚቻለው አንጎሉ ከሞት በኋላ ሲከፈት ብቻ ነበር።

በሕይወት ያለ አንጎል ውስጥ ማየት

ብዙ ሰው ስካን ሲባል የሚያስበው ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ነው። ሁለቱም ቅርጽን ያሳያሉ። ዕጢ አለ ወይ፣ ደም ፈሷል ወይ፣ አንጎሉ ሟሽሿል ወይ ለሚለው ጥሩ ናቸው። ግን አንጎል የሚሟሽሸው ሴሎች ከሞቱ በኋላ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲያዘምም ምስጡ ቀድሞ ውስጡን በልቶ ጨርሷል። ፔት ስካን ምስጡን ራሱን ይፈልጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሚፈለገው ፕሮቲን ጋር የሚጣበቅ ንጥረ ነገር ይሠራል። በላዩ ላይ ትንሽ ጨረር የሚያወጣ አቶም ይታከልበታል። በደም ሥር ይሰጣል። በሽተኛው ትንሽ ይቆያል። ንጥረ ነገሩ አንጎል ይገባና ፕሮቲኑ ባለበት ይያዛል፣ በሌለበት ታጥቦ ይወጣል። የተያዘው አቶም ፖዚትሮን የሚባል ጥቃቅን ቅንጣት ይለቃል። ፖዚትሮኑ ከኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፉና ሁለት ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወረወራሉ። በሽተኛው የተኛበት ቀለበት ሁለቱን እኩል ይይዛቸዋል። ከየት እንደተነሱ በኮምፒውተር ይሰላል። ምስሉ የሚወጣው ከዚህ ስሌት ነው።

ለአሚሎይድ የመጀመሪያው ስኬታማ ንጥረ ነገር የተሠራው በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዊሊያም ክለንክና ቼስተር ማቲስ የሟች አንጎል ለማቅለም ይውል የነበረን ቀለም አሻሽለው ሠሩት። ፒትስበርግ ኮምፓውንድ ቢ ተባለ፣ ባጭሩ ፒብ። ሰው ላይ መጀመሪያ የተሞከረው በ2002 ስዊድን ውስጥ፣ ኡፕሳላ ነው። በ2004 የ16 በሽተኞችና የ9 ጤነኞች ውጤት ታተመ። የበሽተኞቹ አንጎል አበራ። እኔ ይህን ከዘመኑ የሕክምና ሥራዎች ትልልቆቹ መካከል እቆጥረዋለሁ። ሐኪም ከአስከሬን ብቻ ያየው የነበረውን በሕይወት ካለ ሰው ላይ አየ።

ፒብ አንድ ችግር አለው። የሚጠቀመው ካርቦን 11 በየ20 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ አቶሙን የሚሠራው ማሽን፣ ሳይክሎትሮን፣ እዚያው ሆስፒታሉ አጠገብ መሆን አለበት። በኋላ ፍሎሪን 18 የሚጠቀሙ ተሠሩ። የሱ 110 ደቂቃ ስለሚቆይ ከአንድ ቦታ ተሠርቶ በመኪና መላክ ይቻላል። ከነዚህ የመጀመሪያው፣ ፍሎርቤታፒር፣ አሜሪካ ውስጥ በ2012 ፈቃድ አገኘ። የታው ስካን የመጣው ዘግይቶ ነው። ፍሎርታውሲፒር ፈቃድ ያገኘው በ2020 ነው፤ ምርምር ላይ ግን ከዚያ ቀድሞ ይሠራበት ነበር።

28፣ 38፣ 44፣ 49

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አስቡ። በአንድ በኩል ሰው መቼ እንደሚታመም ከሞላ ጎደል በዓመት የሚታወቅበት ዘር አለ። በሌላ በኩል ደግሞ በሽታውን ውስጥ ገብቶ የሚያይ ስካን ተገኘ። ሌላ ቦታ ተመራማሪ አንድ የ30 ዓመት ሰው ወደፊት ይታመም እንደሆነ አያውቅም። አንቲዮኪያ ላይ ያውቃል።

በ2012 ከዘሩ 50 ሰዎች የአሚሎይድ ስካን ተነሱ። ለውጡ ባለባቸው ላይ አሚሎይድ መጠራቀም የሚጀምረው በአማካይ በ28 ዓመት ሆኖ ተገኘ። መርሳት የሚጀምረው በ44 ነው። ማለትም በሽታው ሰውየው ሳያውቀው 16 ዓመት ይሠራል። በ28 ዓመቱ ገና ትዳር የሚይዝ ወጣት ነው።

ቀጥሎ የታው ጥናት መጣ። የመራችው ያኪል ኪሮዝ ናት። ኮሎምቢያዊት ስትሆን ሎፔራ ዘንድ ተምራ ወደ ቦስተን የሄደች ናት። ከዘሩ ሰዎችን ከሜዴሊን በአውሮፕላን ወደ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ታስመጣለች። በ2018 የታተመው ጥናት 24 ሰዎች ነበሩበት፤ ግማሾቹ ለውጡ አለባቸው፣ ግማሾቹ የለባቸውም። ታው ኢንቶራይናል ኮርቴክስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ላይ መታየት የሚጀምረው በ38 ዓመት አካባቢ ነው። ይህ ክፍል አዲስ ነገር ወደ ትውስታ የሚገባበት በር ነው። ታው ከዚያ ሲነሳ መርሳቱ ስድስት ዓመት ያህል ብቻ ይቀረዋል።

ቅደም ተከተሉ በግልጽ ወጣ። አሚሎይድ በ28፣ ታው በ38፣ መርሳት በ44፣ ሙሉ በሽታ በ49። ታው ከሕመሙ ጋር ይቀራረባል። አሚሎይድ ቀድሞ ይመጣና ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እኚህ እናት የመጡት ይህ ሁሉ በሚጠናበት ጊዜ ነው።

የቦስተኑ ስካን

የአሚሎይዱ መጠን የሚለካው በንጽጽር ነው። የአንጎሉ ላይኛው ክፍል የያዘው ንጥረ ነገር፣ አሚሎይድ እምብዛም ከማይኖርበት ከኋለኛው ትንሽ አንጎል፣ ከሴሬቤለም ጋር ይነጻጸራል። በ40ዎቹ ዕድሜያቸው መርሳት የጀመሩት ዘመዶቻቸው ከ1.49 እስከ 1.60 ነበሩ። የእሳቸው 1.96 ሆነ።

ይህ ምስል ብቻውን ለአንድ ሐኪም ቢላክና ስለ በሽተኛዋ ምንም ባይነገረው፣ በሽታው እጅግ የገፋ ነው ይል ነበር። ጥፋቱም አይሆንም። ምስሉ ላይ የታየው እውነት ነው።

ከዚያ የታው ስካኑ ታየ። ታው አለ፣ ግን ትንሽ ነው። በዚህ ዕድሜና በዚህ አሚሎይድ መጠን የሚጠበቀው ሁሉን ያዳረሰ ታው ነበር። የእሳቸው ግን ከጥቂት ቦታዎች አልወጣም። ሦስተኛው ስካን አንጎል ስኳር እንዴት እንደሚጠቀም የሚለካ ነው። ሥራ ያቆመ አካባቢ ግሉኮስ አይወስድም። የእሳቸው አንጎል አልዛይመር አብዝቶ በሚያጠቃቸው ቦታዎች ላይ እንኳ በደንብ ይጠቀም ነበር።

ሦስቱ ስካኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩ ይገባል። አሚሎይዱ ሥራውን ሠርቷል። ከዚያ ወደ ታው የሚያሻግረው መንገድ ላይ ግን የሆነ ነገር ዘግቶበታል። አንዱ ስካን ብቻ ቢነሳ ኖሮ ጉዳዩ በሁለት ቃል ያልቅ ነበር፤ «በሽታው አለባቸው» ተብሎ።

የዘጋው ነገር ምንድነው ለሚለው መልሱ ጂናቸው ውስጥ ተገኘ። የያኪል ባለቤት ጆሴፍ አርቦሌዳ ቬላስኬዝም ኮሎምቢያዊ ተመራማሪ ነው፤ የሚሠራው እዚያው ቦስተን ነው። ሙሉ ጂናቸው ሲነበብ ሁለተኛ ያልተለመደ ለውጥ ታየ። ኤፒኦኢ የሚባለው ጂን ላይ ነው። ስብ የሚያጓጉዝ ፕሮቲን የሚሠራ ጂን ሲሆን አራተኛው ዓይነቱ የአልዛይመርን ዕድል እንደሚጨምር ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። የእሳቸው ግን ሦስተኛው ዓይነት ሆኖ 136ኛው ቦታ ላይ የተቀየረ ነው። መጀመሪያ በኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች ስለተገኘ በከተማዋ ስም ይጠራል። እሳቸው ይህን ከአባትም ከእናትም ወርሰዋል። ሁለቱም ቅጂዎች ተቀይረዋል። ይህ እጅግ ብርቅ ነው። ከዚያ ጎን ለጎን ደማቸው ውስጥ ያለው ስብ ከፍ ያለ ነበር፤ ይህም ከዚሁ ለውጥ ጋር የሚሄድ ነው።

የተለመደው ኤፒኦኢ ሴሎች ላይ ካሉ ሄፓራን ሰልፌት ከሚባሉ የስኳር ሰንሰለቶች ጋር ይጣበቃል። እነዚህ ሰንሰለቶች ታው ከሴል ወደ ሴል ሲዛመት መግቢያ ሆነው ያገለግላሉ ተብሎ ይታመናል። የክራይስትቸርቹ ዓይነት ከነሱ ጋር በደንብ አይጣበቅም። ተመራማሪዎቹ የታው መዛመት የቆመው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም አሉ። ጉዳዩ በ2019 ኔቸር ሜዲሲን ላይ ታተመ።

አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ ምን ያረጋግጣል የሚል ጥያቄ ወዲያው ተነሳ። ጥያቄው ትክክል ነበር። አንድ ሰው ብዙ ነገር ይለየዋል። ስካንም ደግሞ ሊያታልል ይችላል። የታው ንጥረ ነገር ታው ያልሆነ ነገር ላይም የሚጣበቅባቸው የአንጎል ቦታዎች እንዳሉ ይታወቃል። ስካኑ እውነቱን ተናግሮ እንደሆነ ማረጋገጫው አንጎሉን ራሱን ማየት ነበር።

በኅዳር 2020 እናቲቱ አረፉ። 77 ዓመታቸው ነበር። የገደላቸው የቆዳ ካንሰር እንጂ አልዛይመር አልነበረም። ቤተሰቡ አንጎላቸውን ለምርምር ሰጠ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይጠፋንም። አስከሬን ሳይነካ እንዲቀበር የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው፤ እዚያም እንደዚያው ነበር። ሎፔራና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ቤተሰቦችን ሲያነጋግሩ ኖረው በአንቲዮኪያ ዩኒቨርሲቲ በመቶዎች የሚቆጠሩ አንጎሎች ያሉበት ማከማቻ የተገነባው በዚህ ዓይነት ፈቃድ ነው። ስለ ስካን ሲወራ ማሽኑ ይመሰገናል። እኔ ግን ከማሽኑ ቀድሞ እነዚህ ቤተሰቦች መመስገን አለባቸው እላለሁ። ያለነሱ የስካን ቀለም ምን እንደሚል የሚያረጋግጥ የለም።

አንጎሉን የመረመሩት በጀርመን ሃምቡርግ ያሉ ባለሙያዎችና አጋሮቻቸው ናቸው። ውጤቱ በ2022 ታተመ። አሚሎይዱ እንደተባለው የበዛ ነበር። ታው ግን ግንባር አካባቢ፣ ማሰብንና ማቀድን በሚመራው ክፍል፣ በጣም ትንሽ ነበር። በብዛት የተገኘው ከኋላ፣ ማየትን በሚመራው ክፍል ነው። ይህ የተገለበጠ ነው። በሌሎቹ ዘመዶቻቸው ግንባሩ ይጎዳል። በሕይወት እያሉ የተነሱት ስካን ታውን ካሳየባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው የኋላው ክፍል ነበር። ስካኑ አላታለለም።

ሁለተኛው ሰው

በ2023 ከዚያው ዘር ሌላ ሰው ተዘገበ። ወንድ ነው። ኢ280ኤ አለበት፣ ክራይስትቸርች ግን የለበትም። እስከ 67 ዓመቱ አእምሮው ደህና ነበር። በ74 ዓመቱ ሞተ። እሱን የጠበቀው ሪሊን በሚባል ፕሮቲን ላይ ያለ ሌላ ለውጥ ነው። ሪሊን ኤፒኦኢ ከሚይዛቸው መቀበያዎች ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ ሁለቱ ጉዳዮች ሥራቸው ሳይገናኝ አይቀርም።

የእሱን ስካን ከእናቲቱ ጋር ማነጻጸር ብዙ ያስተምራል። አሚሎይዱ እንደ እሳቸው ከፍተኛ ነው። ታው ግን በአንጎሉ ብዙ ቦታ ታየ። የእናቲቱን ጉዳይ ብቻ የያዘ ሰው «ታው ትንሽ ስለሆነ ነው የዳኑት» ብሎ ሊያቆም ይችላል። ይህ ሰው ታው ኖሮበትም ለረጅም ጊዜ ደህና ነበር። ልዩነቱ ያለው ኢንቶራይናል ኮርቴክስ ላይ ነው። ያ የትውስታ በር በእሱ ላይ ከታው ከሞላ ጎደል ተርፎ ነበር። ስለዚህ ከመጠኑ ይልቅ ቦታው ይበልጥ ሊናገር ይችላል። እህቱም ያው የሪሊን ለውጥ ነበራት፤ ግን የእሱን ያህል አልጠበቃትም። ለምን እንደሆነ እስካሁን ይጠናል።

አሚሎይዱን ማጥፋት ለምን አልበቃም?

አንድ ሌላ ነገር ሳይነገር ጉዳዩ ሙሉ አይሆንም። በ2013 በዚሁ ዘር ላይ ትልቅ የመድኃኒት ሙከራ ተጀመረ። 252 ሰዎች ገቡበት። መድኃኒቱ ክሬኔዙማብ ይባላል፤ አሚሎይድን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሐሳቡ በሽታው ሳይነሳ መቅደም ነበር።

የሙከራው አሠራር ራሱ የሚያስገርም ርኅራኄ አለበት። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ለውጡ ይኑርባቸው አይኑርባቸው ማወቅ አይፈልጉም። መድኃኒት የሚሰጠው ለውጡ ላለበት ብቻ ቢሆን ኖሮ መርፌ የተወጋ ሁሉ ዕጣውን ባወቀ ነበር። ስለዚህ ለውጡ የሌለባቸው 83 ሰዎችም ገቡና መድኃኒት የሌለበትን መርፌ ወሰዱ። ለውጡ ያለባቸው 169 ደግሞ ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ባዶውን። ማንም ከመርፌው ተነስቶ ስለ ራሱ ምንም ማወቅ አይችልም። ለውጥ የሌለባቸው ሰዎች ለራሳቸው ምንም ላያገኙ፣ የወንድሞቻቸውን ምስጢር ለመጠበቅ ለዓመታት ተወጉ።

በሰኔ 2022 ውጤቱ ተነገረ። መድኃኒቱ መርሳቱን በሚያሳምን መጠን አላዘገየም። ለእነዚያ ሰዎች መራራ ነበር። ከእናቲቱ ስካን ጎን ሲታይ ግን ሌላ ነገር ያሳስባል። እናቲቱ አሚሎይድ ሞልቶባቸው ለረጅም ጊዜ ሳይታመሙ ኖሩ። እንግዲያው አሚሎይድ መነሻው ይሁን እንጂ ሰውን የሚጥለው ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ነው። ሌሎች አሚሎይድ አጣቢ መድኃኒቶች፣ ሌካኔማብና ዶናኔማብ፣ አሜሪካ ውስጥ በ2023 እና በ2024 ፈቃድ አግኝተዋል፤ የሚያዘገዩትም በመጠኑ ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች ስለመጡ የአሚሎይድ ስካን ከምርምር ቤት ወጥቶ ተራ ክሊኒክ ገብቷል። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት አሚሎይድ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የሕክምና መድን ለዓመታት ይህን ስካን በምርምር ውስጥ ላለ ሰው ብቻ፣ እሱንም በሕይወት ዘመን አንዴ ነበር የሚከፍለው። በጥቅምት 2023 ገደቡን አነሳ። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ያሉ የእኛ ሰዎች ወላጆቻቸውን ይዘው ሲሄዱ ይህ ስካን ሊታዘዝላቸው ይችላል። ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ተብሎ ሲመጣ ቤቱ ይሸበራል። ግን በእርጅና ዘመን ላይ ካሉና አእምሯቸው ደህና ከሆነ ሰዎች ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት አንጎላቸው ውስጥ አሚሎይድ አለ። አንዳንዶቹ ይታመማሉ። አንዳንዶቹ አሚሎይዱን ይዘው በሌላ ምክንያት ያልፋሉ። ወላጅ እየረሳ ከሆነ ስካኑ ምክንያቱን ለመለየት በእርግጥ ይረዳል፤ አልዛይመር ነው ወይስ ሌላ ለሚለው ጠቃሚ ነው። ምንም የማይረሳ ሰው ለማወቅ ብቻ ሲነሳው ግን መልሱ ከሚያስረዳው ይልቅ የሚያስጨንቀው ይበዛል። በኔ አስተያየት ያለ ምልክት፣ ያለ ሐኪም ምክር የሚነሱት ስካን አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የአንቲዮኪያው ዘር በሽታ ከአንድ የጂን ለውጥ የሚመጣ ነው። እንዲህ ያለው ከአልዛይመር በሽተኞች መካከል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። 28 እና 38 የሚሉት ቁጥሮች ለዚያ ዘር ብቻ ናቸው። በሰማንያ ዓመቷ መርሳት ለጀመረች አያት ዕድሜ መቁጠሪያ አይሆኑም። ቅደም ተከተሉ፣ ማለትም አሚሎይድ ቀድሞ፣ ታው ቀጥሎ፣ ሕመሙ በመጨረሻ የሚለው ግን በአብዛኛው በሌሎችም ላይ ይታያል።

ከእናቲቱ በኋላ

ክራይስትቸርችን ከሁለት ወላጅ የወረሰ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱት ግን በዘሩ ውስጥ አሉ። ተመራማሪዎቹ 1,077 የዘሩን ሰዎች አጠኑ። ኢ280ኤም አንድ ክራይስትቸርችም ያላቸው 27 ሰዎች ተገኙ። ውጤቱ በሰኔ 2024 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ወጣ። እነዚህ ሰዎች መርሳት የጀመሩት በአማካይ በ52 ዓመት ነው፤ በዚህ ጥናት ከነሱ ጋር የተነጻጸሩት ክራይስትቸርች የሌላቸው ዘመዶቻቸው በ47። አምስት ዓመት ነው። ለአንድ ወላጅ አምስት ዓመት ልጅን ትምህርት ማስጨረስ ነው።

ከ27ቱ ሁለቱ ስካን ተነስተው ነበር።  የሁለቱም የግሉኮስ አጠቃቀም የተሻለ ነበር፤ የታው ስካን የተነሳው ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ታው ያነሰ ነበረበት። ከእናቲቱ ስካን የታየው ነገር፣ ጎላ ብሎ ባይሆንም፣ እንደገና ታየ። «አንዲት ሴት ብቻ ናት» የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት ጀመረ። ሎፔራ ይህ ሲታተም አይተዋል፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነው ያረፉት።

አሁን ሥራው እናቲቱ በተፈጥሮ ያገኙትን ለሌላው በመድኃኒት መስጠት ይቻል እንደሆነ ማየት ነው። የአርቦሌዳ ቬላስኬዝ ቡድን ኤፒኦኢ ከሄፓራን ሰልፌት ጋር እንዳይጣበቅ የሚከለክል ፀረ እንግዳ አካል ሠርቷል። አይጦች ላይ ሲሞከር የተበላሸውን ታው ቀንሷል። በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ሆልትዝማን ቡድንም የክራይስትቸርች ለውጥ ያላቸው አይጦች ላይ አሚሎይድ ባለበት የታው መዛመት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሰው ላይ የሚሞከርበት ቀን ሲመጣ መድኃኒቱ ሠራ ወይም አልሠራም የሚባለው በአሚሎይድ ስካን ሊሆን አይችልም፤ አሚሎይዱ ሳይነካ እንዲቀመጥ ነው የታሰበው። መታየት ያለበት ታው ነው፣ በተለይም ኢንቶራይናል ኮርቴክስ ላይ።